ለማንም የማይነሱበት ሥራ

ሂንድ ማለዳ ሰግዳ ስትነሳ ከሁሉ በፊት የምታደርገው አንድ ነገር አላት። ጓዳው ጥግ የተቀመጠውን የውሃ እንስራ ግራና ቀኝ በሁለት መዳፏ ትይዘዋለች። አታነሳውም፣ አታዘነብለውም። የሸክላው ላብ መዳፏን እስኪያረጥበው ብቻ ይዛው ትቆማለች። ከዚያ ሁለቱንም እጇን መሬት ላይ ጫን አድርጋ ታነሳና ወደ ቀን ሥራዋ ትገባለች። ሥራ በሌለበት ቀንም ታደርገዋለች። ቤቷ ውስጥ አንዲት ፍሬ ባሩድ ባልነበረበት ክረምትም ስታደርገው ከረመች። ጎረቤቶቿ የሆነ የዱአ ዓይነት ይመስላቸው ነበርና ምን እንደሆነ ጠይቀዋት አያውቁም።

ነገሩ የአባቷ የኑርዬ ትእዛዝ ነው፤ ባሩድ የሚነካ እጅ አስቀድሞ እርጥብና መሬት ይንካ፣ ከልብስ የምትነሳው ብልጭታ እዚያ ትቅር ይል ነበር። ኑርዬ ሐይቅ ከተማ ጠርዝ፣ ውሃው ከሚታይበት ዳገት ላይ ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው ነበር። ማረሻ ይሠራል፣ ማጭድ ይስላል፣ የተሰበረ የጠመንጃ ምላጭ ይጠግናል። በሁለቱ እጆቹ ላይ ስድስት ጣት ነበር የቀረው። የቀሩትን ገና ጎረምሳ ሳለ፣ እሳት ካለበት ቤት ባሩድ ይዞ የገባ ዕለት አጥቷቸዋል። ልጁን ሥራውን ያስተማራት በእነዚያ በሌሉት ጣቶቹ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ነገር ስትሳሳት አይቆጣም። እጁን ፊቷ ላይ ዘርግቶ ዝም ይላል፤ እሷም ይገባታል።

ሥራው የውጅግራ ቀለህ፣ ባዶ የጥይት ቀፎ መሙላት ነው። ውጅግራ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲወርድ የመጣ የድሮ ጠመንጃ ነው፤ ጥይቱ ከየትም አይመጣም። ስለዚህ ባለጠመንጃው የተኮሰበትን ቀለህ ከሣር ውስጥ ፈልጎ፣ በጨርቅ ቋጥሮ ለሂንድ ያመጣላታል። እሷ ታጥበዋለች፣ ቂጡ ላይ ያለችውን እሳት ጫሪ ቆብ ትለውጥለታለች፣ ባሩድ ትሰፍርለታለች፣ አፉን በእርሳስ ትደፍነዋለች። ደርግ ከመጣ ወዲህ ጠመንጃዎቹ ሁሉ በገበሬ ማኅበር ተመዝግበዋል። ጥይቱ ከየት እንደሚመጣ ግን የጠየቀ የለም። ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም አያውቅም። የሚጠየቅ ቀን ከመጣ የምትታሰረው እሷ እንደሆነች ሂንድ አይጠፋትም።

ባሩድ የሚነካበት ቀን ቤቱ ሌላ ቤት ይሆናል። ምድጃው ከትናንት ማታ ጀምሮ ጠፍቶ፣ አመዱ በውሃ ርሶ ያድራል። ምሳ ቆሎ ነው። ዶሮዎቹ ይባረራሉ፣ ናይሎን የለበሰ ሰው ከደጃፉ አያልፍም፤ መብራቱም በሐይቁ በኩል በተከፈተው በር የሚገባው የቀን ብርሃን ብቻ ነው። የሥራ ልብሷ ከውጭ፣ ግድግዳው ላይ በተመታ ችካል ላይ ይሰቀላል እንጂ ቤት አያድርም። ከሐይቁ ዳር ያመጣችውን እርጥብ አሸዋ በገበቴ ሞልታ ጭኗ ላይ ታደርግና ቀለሆቹን እዚያ ውስጥ ትተክላቸዋለች። ያልተሞላው አፉን ወደ ታች፣ የተሞላው አፉን ወደ ላይ ነው። ምልክቱ እሱ ብቻ ነው። አንዱ ቀለህ ሁለቴ ከተሞላ ጠመንጃው ወደ ፊት አይተኩስም፤ በተኳሹ ጉንጭ ላይ ይፈነዳል።

«ንጉሥ ቢገባ አትነሺ» ይላት ነበር ኑርዬ። «የሰው ዓይን ያለው ጭንሽ ላይ ነው።»

ሌላም ትእዛዝ ነበረው። የደከመሽ ቀን አትንኪው ይላታል። ኑርዬ ይህን ሲል ያልደከመው ቀን የነበረው ሰው ነበር። ሂንድ ግን ባሏ አብደላ ከሚሊሺያው ጋር ወደ ሰሜን ከተወሰደ ወዲህ እንዲህ ያለ ቀን አላየችም። ጠዋት እርከን ሥራ አለ፣ ከሰዓት ስብሰባ አለ፣ ሲመሽ መሠረተ ትምህርት አለ። ከዚያ መሀል የተረፈችው ሂንድ ነበረች ገበቴውን ጭኗ ላይ የምታስቀምጠው። ከአብደላ ወሬ ከመጣ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል።

የሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ፈንታሁን ከአምባሰል ወረደ። ፈንታሁን ከውጫሌ በላይ ባለው ገደል አፋፍ ማሽላ የሚዘራ ገበሬ ነው። አባቱ የኑርዬ ደንበኛ ነበር፤ እሱም የሂንድ ነው። ጨርቁን ከነቋጠሮው ደጃፉ ላይ አስቀምጦ፣ እንደ ልማዱ ከደፉ አላለፈም።

«እት ሂንድ፣ ዘንድሮ እኮ ከርከሮው ከእኔ ቀድሞ አጨደ!» አላት።

«ማማህ ላይ ወጥተህ አትጮህበትም?»

«ጮህኩበት እንጂ! ድምፄን ለመደው። አሁን ስጮህ ለምሳ የጠራሁት ይመስለዋል።»

«ወንጭፍስ?»

«ወንጭፍ ለዝንጀሮ ነው። ከርከሮ በድንጋይ ስትመታው ያከክኸው ይመስለዋል፤ ዞር ብሎ ሌላውን ጎኑን ይሰጥሃል።»

ሂንድ ልትስቅ ብላ ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረባት። «ነገ ውሰደው፣ ፈንታሁን። ዛሬ ደክሞኛል።»

«የጭነት መኪናው ዐሥር ሰዓት ላይ ይነሳል፣ እህቴ። ከቀረሁ ማሽላው ዛሬ ያልቃል። ደግሞስ ማን ያልደከመው አለ?»

የገበያ ቀን ዋዜማ ምድጃዋ ሁልጊዜ ጠፍቶ ነው የሚያድር። ልብሷን ቀየረች፣ እንስራውን ያዘች፣ ተቀመጠች።

ግማሽ ያህሉን እንደሞላች ከደጅ የሽማግሌ ሳል ሰማች። ሼህ ዘይኑልአቢዲን ነበሩ። በልጅነቷ ቁርዓን ያስቀሯት፣ አብደላ ሲሄድ እጃቸውን ዘርግተው የሸኙት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ከቤት አይወጡም። ከወጡ የሚወጡት ለሞት ወይም ለምሥራች ነው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ልጄ። ከወደ ሰሜን የመጣ ሰው አለ» አሉ፣ ገና በሩን ሳያልፉ።

ወሎ ውስጥ ሼህ ቤት ሲገባ ተቀምጦ የሚቆይ ሰው የለም። እግር ራሱ ያውቀዋል። ሂንድ ለእሳቸው ይሁን ለወሬው፣ ሳታስበው ተነስታ እጃቸውን ስማ ነበር። ገበቴው ከጭኗ ተነስቶ ሆዷ ላይ ተደግፎ፣ ከዚያ ወደ መሬት ዘነበለ። ቀለሆቹ አሸዋው ላይ ተኝተው ቀሩ፤ የቆመውም የተደፋውም አንድ ላይ።

ሼሁ አላዩም። በምርኩዛቸው እየዳሰሱ መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«ከአብደላ ጋር አንድ ጦር ውስጥ የነበረ ልጅ ነው። ቆስሎ ተመልሶ መርሳ ዘመዶቹ ዘንድ ተኝቷል። ሰው ልኬ አስጠየቅሁት።»

«ምን አለ፣ አባባ?»

«አላየሁትም አለ።» ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «አላየሁትም ማለት ደግሞ ሞቷል ማለት አይደለም። አብሽሪ።»

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ፤ እሷም ዘረጋች። የሼህ ዘይኑልአቢዲን ዱአ ረጅም ነው። ለአብደላ ለመኑ፣ አብረውት ላሉት ለመኑ፣ እነሱን ለሚወጓቸውም ልጆች ለመኑ፣ የእነሱም እናቶች እናቶች ናቸውና። ሂንድ አሚን አሚን ትላለች፤ ዓይኗ አሸዋው ላይ ነው። የቱ ቆሞ እንደነበረ፣ የቱ ተደፍቶ እንደነበረ እያስታወሰች አሚን ትላለች። ስታስታውሰው የነበረው ሁሉ «አላየሁትም» በሚለው ቃል ይሰረዝባት ጀመር።

እሳቸው ሲሄዱ ደመና መጥቶ የበሩ ብርሃን ደብዝዞ ነበር። የሚደረገው ነገር ግልጽ ነው። ሁሉንም መድፋት፣ ከመጀመሪያው መጀመር። ኑርዬ ቢሆን እጁን ዘርግቶ ዝም ይላት ነበር። ግን ፈንታሁን ከታች ከመንገዱ «እት ሂንድ! ሾፌሩ ሞተር አስነሳ!» እያለ ይጣራል። የቀለህ አፍ ጠባብ ነው፤ በደመና ብርሃን ውስጡ ጥቁር ብቻ ነው። እያነሳች አየች፣ ነቅነቅ አድርጋ በጆሮዋ አዳመጠች፣ ባዶ የመሰላትን ሞላች፣ የሞላ የመሰላትን ተወች። ደፈነቻቸው። ቋጥራ ሰጠችው። ፈንታሁን እየሮጠ «አላህ ይስጥሽ!» ብሏት ሄደ። ክርስቲያን ቢሆንም እሷን ሁልጊዜ የሚመርቃት በአላህ ነው።

በማግስቱ ጠዋት እንስራውን ይዛ ቆማ፣ ባሩድ የምታስቀምጥበትን ቀንድ ከተሰቀለበት ልታወርደው እጇን ሰደደች። ቀለላት።

ስንት ባሩድ ይዞ እንደነበር እጇ ያውቃል። ለዚያ ሥራ ይህን ያህል አይወጣም ነበር። ገበቴውን አምጥታ አሸዋውን በጣቷ በተነችው፤ ጥቂት ፍሬ ብቻ አገኘች። እንግዲህ የቀረው የት ገባ? አንድ መልስ ብቻ ነበር የታያት። ከእነዚያ ውስጥ ሁለቴ የተሞላ አለ። ፈንታሁን ደግሞ ጠመንጃውን ሲደግን ጉንጩን ሰደፉ ላይ ተኝቶበት ነው የሚተኩሰው። አባቱም እንዲሁ ነበር።

ልብስ ልቀይር አላለችም። ትናንት ደክሟት እንደነበረች የሥራ ቀሚሷን ለብሳ፣ መቀነቷን እንደታጠቀች ነበር የተኛችው። ነጠላዋን ደርባበት ወጣች። የመንገድ መሸኛ ወረቀት ልጠይቅ ብትል የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ለምን ይላታል። ለምን ብሎ ከጠየቃት ደግሞ ከዚያ በኋላ አላውቅም ማለት የሚችል ሰው የለም። ወደ ወልድያ የሚሄድ መኪና ላይ፣ ከጨው ጆንያ ላይ ተሳፈረች።

ውጫሌ መግቢያ ኬላ ላይ ሁሉም ወረደ። ጠባቂው ሲጋራውን ከአፉ ሳያወጣ በየሰዉ ፊት እየቆመ መሸኛ ይጠይቃል።

«ያንቺስ?»

«የለኝም፣ ወንድሜ። ለቅሶ ነው የምሄደው።»

ለቅሶ የሚሄድ ሰው መሸኛ የለህም ተብሎ አይመለስም። ደርግም ቢሆን እዚህ አገር ይህን ገና አልከለከለም። ጠባቂው ጠጋ ብሎ አንድ ሁለት ነገር ጠየቃት። መለሰችለት። የሲጋራው አመድ ነጠላዋ ላይ ወደቀ፤ ይቅርታ ብሎ በመዳፉ አራገፈላትና ገመዱን ዝቅ አደረገላት።

ከኬላው በላይ መንገዱ ዳገት ነው። የክረምቱ ጭራ የሆነ ካፊያ ይወርዳል። እግሯ ሲከብዳት ሽቅብ እያየች፣ የፈንታሁን ማሽላ ገና ከላይ ከአፋፉ ሳለ፣ ተኩስ ሰማች።

ቆመች። ከተኩስ በኋላ የሚመጣውን ነገር ጠበቀች። ሰው ሲሞት አምባሰል ላይ ጩኸት ከገደል ወደ ገደል ይሄዳል፤ ለመስማት ሩቅ መሆን አይከለክልም። ውሃ ብቻ ነው የምትሰማው። መሬት ላይ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው ተኩስ መጣ። ሁለተኛውን የሚተኩስ ሰው ከመጀመሪያው ተርፏል ማለት ነው። ይህ ሲገባት ተነስታ ሮጠች፣ «ፈንታሁን! በአላህ ብዬሃለሁ፣ አትተኩስ!» እያለች።

ፈንታሁን ከማማው ላይ ወርዶ፣ ጠመንጃውን እንደያዘ መንገድ ላይ ተቀበላት። ፊቷን ሲያይ ደነገጠ።

«ምነው እት ሂንድ? ማን ሞተ?»

«ጥይቱን አምጣ።»

«ሁለቱን ተኩሻለሁ። አንዱን ለከርከሮው፣ አንዱን ለሰማዩ። ሰማዩን መታሁት።»

«የቀረውን በሙሉ አምጣልኝ። ጠመንጃውንም አጉርሰኸው እንደሆነ አውጣው።»

ድምፅዋ ቀልድ የሚቀበል አልነበረም። የጎረሰውን አወጣ፣ ቋጠሮውን ሰጣት፣ ወደ ቤቱ ይዟት ወረደ።

ባለቤቱ ባንቺአየሁ በሩ ላይ ነበረች። «ኧረ አፈር ስሆን፣ ርሰሻል እኮ! ግቢ፣ ግቢ፣ እሳቱ ዳር ሁኚ» ብላ እጇን ይዛ አስገባቻት። ጎጆው ውስጥ ምድጃው ደህና አድርጎ ይነድዳል። ሂንድ በድካም ሰው የሚመራው ዕቃ ሆና ነበር፤ ተቀመጪ ያሏት ቦታ ተቀመጠች። ባንቺአየሁ ነጠላዋን ገፈፈችላት። «መቀነትሽንም ፍቺው፣ ወገብሽ ይንፈስበት» አለቻት።

ሂንድ የመቀነቷን ጫፍ አገኘችና አንድ ዙር ፈታች። ከእጥፋቱ ውስጥ ጥቁር ፍሬ ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። አንዷ ተንከባልላ ምድጃው ዳር ደረሰች። ቱስ አለች፤ ትንሽ ነጭ ብልጭታ፣ ከክብሪት ያነሰች።

ባንቺአየሁ «ምንድን ነው እሱ?» አለች።

ሂንድ አልመለሰችላትም። በሁለት እጇ መቀነቷን ሆዷ ላይ አፍና ይዛ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያለች በሩን አልፋ ወጣች። ካፊያው መሀል ላይ ቆመች። እዚያ ቀስ ብላ መቀነቱን ዙር በዙር ፈታችው። ትናንት ገበቴው ሆዷ ላይ ሲደገፍ የደፋው ባሩድ ሁሉ እዚያ ነበር። አብሯት አድሯል። በጨው መኪና አብሯት ተሳፍሯል፣ የኬላው ሲጋራ አጠገብ አብሯት ቆሟል፣ አሁን ደግሞ የሰው ቤት እሳት ዳር አብሯት ተቀምጦ ነበር። ለፈንታሁን ዓይን ብላ የመጣችበት መንገድ ሁሉ አደጋው ከእሷ ወገብ አልወረደም ነበር።

ዝናቡ መቀነቱን እስኪያጥበው ድረስ ከዚያ አልተንቀሳቀሰችም። ባንቺአየሁ በሩ ላይ ቆማ «አበደች እንዴ? ፈንታሁን፣ ና እስቲ እያት!» ትላለች።

ፈንታሁን መሬት ላይ ያለውን ጥቁር ነገር አይቶ ገባው። «እንግዲህ የጠፋው ተገኘ አይደል?» አለ። «ቀለሆቹ ደህና ናቸው ማለት ነው። ስጪኝ።»

«ደህና ሳይሆኑ አይቀሩም» አለች። «ሳይሆኑ አይቀሩም በሚባል ነገር ግን አይተኮስም።»

ካፊያው ሲያቆም የባንቺአየሁን እንስራ ደጅ አስወጥታ በመዳፏ ያዘችው፣ እጇን መሬት ላይ ጫን አደረገች፣ ከቤቱ ርቃ ማማው ሥር በብርሃን ተቀመጠች። ጉጠት አስመጥታ አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። የእያንዳንዱን ባሩድ ከአንገቷ በማትለየው መስፈሪያዋ ሰፈረች። ሁሉም ልክ ነበሩ። አንድም ትርፍ የለ፣ አንድም ጎደሎ የለ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ መንገድ በከንቱ ነው የመጣሽው!» ብሎ ሳቀ ፈንታሁን።

«በከንቱ መሆኑን ለማወቅ ነው የመጣሁት።»

ባንቺአየሁ አልሳቀችም። ባሏን ጉንጩ ላይ፣ ሰደፉ በሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ትክ ብላ አየችው።

«በይ እንግዲህ መልሰሽ ሙያቸው» አላት ፈንታሁን። «ዕቃው ሁሉ አለ፤ እጅሽ አለ።»

«ዛሬ አልሞላም። ደክሞኛል።»

«ኧረ እት ሂንድ! ከርከሮውስ?»

«ለምሳ ጥራው» አለችና ቀለሆቹን ቋጠረች።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሞልታ ሰጠችው። በመሀል የነበሩትን ቀናት ተኝታ አሳለፈች ማለት ባይቻልም፣ አሞኛል ብላ ከእርከን ሥራ አንድ ቀን ቀረች፤ ያን ቀን ነበር ገበቴውን ይዛ የተቀመጠችው። ሼህ ዘይኑልአቢዲን ዘንድም ሄዳ የሆነውን ነገረቻቸው።

«ለእኔ ብለሽ ነው የተነሳሽው፣ ልጄ?»

«ለወሬው ነው፣ አባባ።»

«እንግዲህ ወሬውም ከደጅ ይጠብቃል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሲመጡ ደጃፉ ላይ ባለው ድንጋይ ተቀምጠው አንዴ ይስላሉ። ከውስጥ «ቀለህ ይዣለሁ» ካለቻቸው ምርኩዛቸው ላይ አገጫቸውን ደግፈው ሐይቁ ወዳለበት ይዞራሉ። አይታያቸውም፤ ግን ይዞራሉ። የሚያያቸው ሰው ልጅቱ ሼህ ደጅ ታስቀምጣለች ብሎ ሲያማት፣ እሳቸው ናቸው የሚመልሱላት። ከአብደላ አሁንም ወሬ የለም። ሳሉ በተሰማ ቁጥር ሂንድ ጭኗ ላይ ያለውን ገበቴ በሁለት እጇ ጭብጥ ታደርገዋለች፣ እግሯ እንዳይነሳባት።

ይህ ሁሉ ቢነገር ግድ የላትም። ባሩድ በመቀነት መያዟም ይነገር፤ ሌላ ሰው ልብሱን ይቀይርበታል ትላለች። አይነገር ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ኬላው ላይ የሆነው። ፈንታሁን በሕይወት አለ፤ ቢሰማ ይቀየማል ብላ ሳይሆን ይስቃል ብላ ነው።

ኬላው ላይ ጠባቂው «ማን ሞቶብሽ ነው?» ሲላት የምትለው ስም አላዘጋጀችም ነበር። «ፈንታሁን» አለችው። ስሙ ከአፏ ሲወጣ የአብደላም መስሎ ተሰማትና፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ለማን እንደምታለቅሰው አጥታ የያዘችው እንባ እዚያው ገመዱ ሥር ወረደ። ጠባቂው ሲጋራውን ከአፉ አወጣ። ቆቡን አንስቶ «ነፍስ ይማር» አላት።

እሷም «አሚን» አለችው።